ከቡሬ ምሽግ እስከ ደምበጫ ወንዝ ዳር

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር ለትምህርት የተመላለስን ሁሉ ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን በአውቶቡስ መስኮት እናውቃቸዋለን። ምሳ ካልሆነ በቀር ማን ወርዶ ያያል! በ1933 ዓ.ም. የጎጃም ዕጣ የተወሰነው ግን እዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ምሽግ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በፊልም ያየነው የባሕር ዳር ግንብ ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር፣ በማልታ ደሴት ያለው የቅዱስ ኤልሞ ምሽግ በ1565 እ.ኤ.አ. ለቱርኮች ከበባ አንድ ወር ያህል የቆመው በግንቡ ብቻ አልነበረም፤ በሌሊት ሰውና ስንቅ በጀልባ ይገባለት ስለነበር ጭምር ነው። ያ መስመር ሲዘጋ ወደቀ። ለቡሬ ምሽግ ደግሞ ባሕሩም ጀልባውም ይኸው መንገድ ነበር።

ጣሊያን ቡሬን፣ ማንኩሳን፣ ደምበጫንና ደብረ ማርቆስን መሽጎ ይዟል። ከ1930 ዓ.ም. አመፅ በኋላ ግን ገጠሩ በእጁ አልነበረም። እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በዙሪያው ስለነበሩ፣ ወታደሩ ያለ አጀብ ከምሽግ መውጣት አይደፍርም። እንግዲህ ምሽጉን አስቀድመው እስር ቤት ያደረጉት አርበኞቹ ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ድንበር ተሻገሩ። በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከ2 ሺህ ያነሰ ነበር፤ ዕቃውን የጫኑት ግመሎችም ደጋው ላይ በየመንገዱ አለቁ። ቡሬ ላይ ኮሎኔል ናታሌ ከ5 ሺህ በላይ ወታደር፣ መድፍና ብረት ለበስ መኪና ይዞ ተቀምጧል። ዊንጌት ቡሬን ፊት ለፊት አልገጠመም፤ አልፎ ማንኩሳን በሞርታር ደበደበ፣ በድምፅ ማጉያ የባንዳውን ልብ አሸበረ። ናታሌ የመጣበት ጦር ብዙ መሰለው፣ መንገዱም የሚቆረጥበት መሰለው። የካቲት 25 ቡሬን ለቆ ወጣ።

ደሙ የፈሰሰው ግን ምሽግ በሌለበት ነው። ደምበጫ ሳይደረስ፣ ወንዝ ዳር፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ባታሊዮን ሰፍሯል። ከስደት የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ቦታው ገላጣ፣ መከላከያ የሌለው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለአዛዡ ለሻለቃ ቦይል የሚያስመሰግነው አይደለም። የካቲት 27 የናታሌ ሰልፍ በሙሉ መጣባቸው። ፈረሰኛ ከጎን፣ አውሮፕላን ከላይ። ልጆቹ ብረት ለበሱን ሳይቀር መትተው ያዙት፤ ባታሊዮኑ ግን ክፉኛ ተጎዳ። ናታሌ በላያቸው ጥሶ አለፈ።

አልፎስ? ደምበጫ ምሽግ አለለት፤ እዚያም አልቆየም። በቀናት ውስጥ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ፤ አለቆቹም አንስተው ኮሎኔል ማራቬንታኖን ተኩበት። መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው መንገድ መጥተው ደብረ ማርቆስ ገቡ።