ተዳፋት ላይ የሚጠፋ ተነጂ የሣር ማጨጃ

ሜዳ ላይ ደህና ሲሠራ የነበረ ተነጂ የሣር ማጨጃ ተዳፋት ላይ ሲደርስ ከጠፋ፣ አንዱ የተለመደ ምክንያት የነዳጅ መቋረጥ ነው። መጀመሪያ የሚታየው የቤንዚኑ መጠን ነው። ሰልባትዮው ሲጎድል ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና መውጫ ቀዳዳው አየር ይስባል። ቀጥሎ ክዳኑ። መተንፈሻው በሣር ብናኝ ከተደፈነ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ክዳኑ ሲላላ አየር ሲስብ ከተሰማ ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው። ሰልባትዮው ከካርቡራተሩ ዝቅ ብሎ የተሠራ ከሆነ ደግሞ የደከመ ፓምፕ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ ዳገት ላይ ይጋለጣል። ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊም ሲያጋድል የቤንዚኑን ልክ ያዛባል።

ነዳጁ በከንቱ የሚታማበት ጊዜም አለ። ነጂው ወደ ዳገቱ ሲያጋድል ክብደቱ ከመቀመጫው ይነሳና ከሥሩ ያለው የደህንነት ማብሪያ ማጥፊያ ሞተሩን ያቋርጠዋል። ነዳጅ ያጠረው ሞተር እየተንገጫገጨ ይጠፋል፤ ማብሪያ ማጥፊያው የቆረጠው ግን በአንዴ ቀጥ ይላል። ይህን ማብሪያ ማጥፊያ በሽቦ አልፎ ማገናኘት የሚመክር አይጠፋም፤ ነጂው ሲወድቅ ምላጩን የሚያስቆመው ግን እሱ ነው። ብዙ የአምራች መመሪያዎችም ከ15 ዲግሪ በላይ ባዘነበለ መሬት ላይ መንዳትን ይከለክላሉ።