የድሬስደን የገና ገበያና የቅቤው ደብዳቤ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን በሚገባበት ሰሞን በጀርመን አገር የገና ገበያዎች ይከፈታሉ። በዚያ የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሥራ ወይም ከትምህርት ባልደረቦቻችሁ ጋር ቅዳሜና እሑድን ወደ አንዷ ከተማ ተጉዛችሁ ቤተ መንግሥቷንና በመብራት ያጌጠ አደባባይዋን እንድትጎበኙ መጋበዛችሁ አይቀርም። በአገር ቤት ያለነውም ፎቶግራፉን በስልካችን እናያለን። መሄድ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ለንስሐ አባቶቻችሁ እተዋለሁ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ታሪኩ ነው፤ ይህ ገበያ ከምን ተነሣ? መልሱን አጉልታ የምታሳየን በሳክሶኒ ግዛት፣ በኤልበ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ድሬስደን ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሳክሶኒ ገዥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ በ1434 ዓ.ም. በልደት ሰሞን ለአንድ ቀን የሚቆም ነጻ ገበያ ለከተማዪቱ ፈቀደ። ዛሬ ሽትሪትስልማርክት የሚባለውና ሳምንታት የሚቆየው ዝነኛ ገበያ መነሻው ይኸው ነው። በዚያች ቀን ግን የሚያብረቀርቅ ጌጥ አልተሸጠም፤ የተሸጠው ሥጋ ነበር። ሕዝቡ በጾም ሰንብቶ ነበርና ለፍስክ የሚሆነውን የሚገዛበት ቀን ተሰጠው። እንግዲህ የዛሬው የመብራት ከተማ መጀመሪያ፣ እኛ በታኅሣሥ መጨረሻ በግ ተራና ዶሮ ተራ ከምንለው ብዙ የሚለይ አልነበረም። የጾመኛ ገበያ ነበር።

ምዕራባውያን ከልደት በፊት ይጾሙ ነበር ወይ ብሎ የሚደነቅ ወጣት አይታጣም። አዎን፣ ይጾሙ ነበር። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቱር ከተማ ጳጳስ የነበረው ፐርፔቱዎስ ከቅዱስ ማርቲን በዓል፣ ከኅዳር (ኖቬምበር) 11 ጀምሮ እስከ ልደት በሳምንት ሦስት ቀን እንዲጾም ሥርዓት ሠርቷል። ጾሙ እየሰፋ ሄዶ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተትና ቅቤም የሚከለከልበት ሆነ። ከእኛ ጾመ ነቢያት ጋር በቀንም በሥርዓትም አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ የክርስቶስን ልደት በጾም መጠበቅ ግን ለእነርሱም እንግዳ ነገር አልነበረም።

የሽትሪትስልማርክት ስም የመጣው ሽትሪትስል ከተባለው ዳቦ ነው። ይህ ዳቦ ዛሬ በብዛት ሽቶለን ይባላል። ነጭ ስኳር የተነሰነሰበት ሞላላ ቅርጹ በጨርቅ የተጠቀለለውን ሕፃን ኢየሱስን እንዲያስታውስ ነው ይላሉ። በመጀመሪያ የጾም ዳቦ ስለነበረ ከዱቄት፣ ከውኃና ከጥቂት ዘይት ብቻ የሚጋገር ደረቅ ነገር ነበር። ሳክሶኒ ደግሞ የወይራ አገር አይደለችም፤ መልካም ዘይት በዚያ ብርቅና ውድ ነበር። ስለዚህ መሳፍንቱ በዘይት ፈንታ ቅቤ ይፈቀድልን ብለው ወደ ሮም ለመኑ። የሮማው ፖፕ ኢኖሰንት 8ኛ በ1491 ዓ.ም. ፈቀዱ። ያ ፈቃድ በታሪክ «የቅቤው ደብዳቤ» ይባላል። ፈቃዱ ግን በነጻ አልነበረም፤ ቅቤ የሚበላ ሰው ገንዘብ ይከፍላል፤ ገንዘቡም በዚያ ዘመን ይሠራ ለነበረው ለፍራይቤርግ ካቴድራል ይውላል። በፈረንሳይ አገር በሩዋን ካቴድራል ላይ የቆመው ግንብ እስከ ዛሬ «የቅቤ ግንብ» የሚባለውም እንዲሁ ባለ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ልመናው ክፋት አልነበረበትም። ዘይት የሌለው ድሃ ምን ይብላ? ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛና ለደካማ ማዘኗ የታወቀ ነው። ነገር ግን ርኅራኄው በዋጋ ሲሸጥ ጾሙ ራሱ ዋጋ አጣ። ማርቲን ሉተር በ1520 ዓ.ም. ለጀርመን መኳንንት በጻፈው መልእክት ይህንኑ የቅቤ ንግድ አንሥቶ ሮምን ወቅሷል። ወቀሳው ትክክል ነበር፤ የተከተለው መፍትሔ ግን የተሸጠውን ጾም ማንጻት ሳይሆን ግዴታነቱን ማንሣት ሆነ። በ1539 ዓ.ም. ድሬስደን የሉተርን ትምህርት ተቀበለች። ገበያውም ዳቦውም ቀሩ፤ ጾሙ ሄደ። እኛም ብንሆን ከሮም ፈቃድ አንጠብቅም እንጂ «ሥራ ይከብደኛል፣ አገሩ ይበርዳል» እያልን ለራሳችን የምንጽፈው የቅቤ ደብዳቤ ስንት ነው?

ወደ ቤተ መንግሥቱ እንለፍ። ጎብኚ ሁሉ የሚያየውን ጽቪንገር የተባለውን ያጌጠ ሕንፃ ያሠራው «ብርቱው አውግስጦስ» ነው፤ የፖላንድን ዙፋን ለማግኘት በ1697 ዓ.ም. ሃይማኖቱን ወደ ካቶሊክ የለወጠ ገዥ! ይህ ሰው በ1730 ዓ.ም. በጻይትሃይን ታላቅ የጦር ትርኢት አድርጎ 1.8 ቶን ገደማ የሚመዝን ሽቶለን አስጋገረና ለእንግዶቹ አስቆረሰ። ወሩ ሰኔ ነበር። የልደት ጾም ዳቦ በበጋ ሙቀት የንጉሥ ኃይል መታያ ሆነ። ዛሬም የከተማዪቱ ጋጋሪዎች ያንን በማሰብ በታኅሣሥ ወር ግዙፍ ሽቶለን በሠረገላ ጭነው በአደባባይ ያዞራሉ። በደንባቸውም መሠረት የድሬስደን ሽቶለን ተብሎ ለመሸጥ፣ በ100 ኪሎ ዱቄት ቢያንስ 50 ኪሎ ቅቤ ሊገባበት ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው የመብራቱ ነገር ነው። ከድሬስደን በስተ ደቡብ ባሉት የማዕድን ተራሮች የሚኖሩ ቆፋሪዎች በክረምት ሳይነጋ ወደ ጉድጓድ ይወርዱና ከመሸ በኋላ ይወጡ ነበር፤ የቀን ብርሃን የሚያዩት በሰንበት ነው። በየመስኮቱ የሚታየው ሻማ የተደረደረበት ቅስት የመጣው ከእነዚህ ሰዎች ነው። ጨለማ ውስጥ የሚውል ሰው ብርሃንን መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ነቢያትም የጠበቁት እንዲሁ ነበር። በኤሌክትሪክ ከደመቀው አደባባይ ይልቅ በዚያ ቅስት ፊት ብትቆሙ መልካም ነው።

ከሄዳችሁ፣ በገበያው የሚቀርበው ምግብ አብዛኛው የፍስክ መሆኑን አትርሱ፤ በስኳር የተቆላ ለውዝ ግን አይጠፋም። ደግሞም ቀኑን ቁጠሩ። ገበያው ዲሴምበር 24 ይዘጋል፤ ያ በእኛ ታኅሣሥ 15 አካባቢ ነው። ነጋዴዎቹ ድንኳናቸውን ሲያፈርሱ ከጾመ ነቢያት ገና ሁለት ሳምንት ይቀራል፤ በጀርመን ያሉ አጥቢያዎቻችንም የልደትን ማኅሌት የሚቆሙት ከዚያ በኋላ፣ ለጃንዋሪ 7 አጥቢያ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።