የኢንተራፕት ተቆጣጣሪ ከቺፕ ወደ ኮድ፦ በኪውኢሙ ውስጥ ያለፈው ሃያ ዓመት

ኢንተራፕት ተቆጣጣሪ ከኪቦርድ፣ ከሰዓት ቆጣሪ፣ ከዲስክና ከኔትወርክ ካርድ የሚነሱ ጥሪዎችን ተቀብሎ በየተራቸው ለፕሮሰሰሩ የሚያቀርብ ቺፕ ነው። የድሮ ቤተ መንግሥት አጋፋሪ ባለጉዳዩን ሁሉ በአንድ ጊዜ እልፍኝ እንደማያስገባ፣ ይህም ቺፕ የቱ ጥሪ እንደሚቀድም፣ የቱ ደጅ እንደሚጠና፣ የቱ ጨርሶ እንደማይሰማ ይለያል። ኪውኢሙ የተባለው ክፍት ምንጭ ኢሙሌተር አንድን ሙሉ ኮምፒውተር በሶፍትዌር የሚያስመስል በመሆኑ ይህንንም ቺፕ በኮድ መሥራት ግድ ሆኖበታል። በውስጡ የሚነሣው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ እንግዳው የሚባለው፣ ቺፑ በእርግጥ ያለ ይመስለዋል። የኮዱ ኃላፊዎች ሥራ ይህ እምነት እንዳይሸረሸር መጠበቅ ነው፤ ለዚህም የቺፑን መልካም ጠባይ ብቻ ሳይሆን ጉድለቱንም ጭምር መንከባከብ አለባቸው።

የታሪኩ መነሻ የኢንቴል 8259 ነው። በ1970ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ለ8080 ፕሮሰሰር ቤተሰብ የተሠራው ይህ ባለ 28 እግር ቺፕ ስምንት የጥሪ መስመሮች ነበሩት። አይቢኤም በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ የተሻሻለውን 8259ኤ አንድ ብቻ ገጠመበት፤ መስመር 0 ለሰዓት ቆጣሪው፣ መስመር 1 ለኪቦርዱ ተሰጠ። በ1984 ፒሲ ኤቲ ሲመጣ ስምንቱ መስመር አልበቃ ስላለ ሁለተኛ ቺፕ በመጀመሪያው መስመር 2 ላይ ተቀጠለና ለሥራ የሚውሉት መስመሮች 15 ሆኑ። መስመር 2ን ይጠቀሙ የነበሩ የቆዩ ካርዶች እንዳይሰናከሉ ሽቦው ወደ መስመር 9 ዞረ። ያ የቸኮለ ብልሃት ዛሬም በየኢሙሌተሩ ውስጥ በኮድ ተጽፎ ይገኛል።

በቺፑ ውስጥ ሦስት ባለ ስምንት ቢት ሬጅስተሮች አሉ። አንዱ መጥተው ገና ያልተስተናገዱትን ጥሪዎች ይይዛል፣ ሁለተኛው እንዳይሰሙ የታገዱትን፣ ሦስተኛው በመስተናገድ ላይ ያሉትን። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አንዱን ጥሪ ሲጨርስ «አበቃ» የሚል ትእዛዝ ለቺፑ ይጽፋል፤ ካልጻፈ በደረጃ ከዚያ በታች ያሉት ሁሉ እንደተዘጉ ይቀራሉ። በጥቅሉ ሲታይ ነገሩ ይኸው ነው። ጣጣው ያለው በአምራቹ መመሪያ ጥግ ላይ በተጻፉት ጥቃቅን ነገሮች ነው። ለምሳሌ አንድ መሣሪያ ጥሪ አሰምቶ ፕሮሰሰሩ እሺ ከማለቱ በፊት ቢተወው፣ ቺፑ የሚያቀርበው ስለሚያጣ ዝም ብሎ 7 ቁጥርን ይሰጣል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ይህን ሐሰተኛ 7 ለይተው ያውቁታል፤ ሲደርሳቸው ሦስተኛውን ሬጅስተር አንብበው እውነት መሆን አለመሆኑን ያጣራሉ። ስለዚህ ኢሙሌተሩም ያንኑ ውሸት በዚያው ሁኔታ መዋሸት አለበት። በኪውኢሙ የ8259 ኮድ ውስጥ የሚያቀርበው ጥሪ ያጣው ፈንክሽን 7ን የሚመልስበት መስመር እስከ ዛሬ አለ።

ሌላው ውርስ የአይቢኤም ነው። ኢንቴል የመጀመሪያዎቹን 32 ቁጥሮች ለፕሮሰሰሩ ለራሱ ስህተቶች እንዲቆዩ አስቀርቷቸው ሳለ አይቢኤም የሰዓት ቆጣሪውን ጥሪ በቁጥር 8 አስቀመጠው። በ286 ፕሮሰሰር ላይ ያው 8 ቁጥር የድርብ ስህተት ምልክት ሆነ። ከዚያ ወዲህ የመጡ አብዛኞቹ ሲስተሞች ሲነሡ ከሚሠሯቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ለ8259ዎቹ የማስጀመሪያ ቃላት ልኮ ቁጥሮቹን ከዚያ ክልል ማውጣት ነው። ቃላቱ እስከ አራት ይደርሳሉ፤ ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም በአንድ አድራሻ ስለሚገቡ ቺፑ ስንተኛው ላይ እንደደረሰ ማስታወስ አለበት። በኮዱ ውስጥ ይህ ትዝታ የአንድ ባይት ተለዋዋጭ ነው። እሱ ከተዛባ እንግዳው ሲስተም ገና ሳይነሣ ይወድቃል።

ይህን ቺፕ በኮድ በማስመሰል ኪውኢሙ የመጀመሪያው አይደለም። ኬቨን ሎውተን በ1994 የጀመረው ቦክስ የተባለ ኢሙሌተር ቀድሞታል፤ የፈረንሳዩ ማንድሬክሶፍት ኩባንያ በ2000 ገዝቶ ኮዱን ለሕዝብ ክፍት አደረገው። ቦክስ ፕሮሰሰሩን ትእዛዝ በትእዛዝ እያነበበ ስለሚያስመስል ዝግተኛ ነበር። ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር በ2003 ያወጣው ኪውኢሙ ግን የእንግዳውን ማሽን ትእዛዞች በቡድን በቡድን ወደ አስተናጋጁ ፕሮሰሰር ቋንቋ እየተረጎመ ያስኬድ ጀመር። መጀመሪያ የታሰበው ለሌላ ፕሮሰሰር የተዘጋጁ የሊኑክስ ፕሮግራሞችን ለማስኬድ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሙሉ ፒሲ ወደ ማስነሳት ተሻገረ። ፒሲ ካለ 8259 አለ፤ የዚያ ፋይል አናት የቤላርን ስምና 2003-2004 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ነው።

ከዚያ ፋይል ውስጥ አንዲት ነገር ቀረብ ብሎ ማየት የሥራውን ባሕርይ ያሳያል። በኮዱ ከሦስቱ ሬጅስተሮች ሌላ የአምራቹ መመሪያ በሬጅስተርነት የማያውቃት አንዲት ባይት አለች፤ የየመስመሩን ያለፈ ሁኔታ ትይዛለች። 8259 በተለመደው አሠራሩ ጥሪ የሚቆጥረው መስመሩ ከዝቅታ ወደ ከፍታ በዘለለበት ቅጽበት እንጂ ከፍ ብሎ በመቆየቱ አይደለም። በሲሊከን ላይ ይህ በትንሽ ሰርኪዩት ይሠራል። ሶፍትዌር ግን ቅጽበት የሚባል ነገር አያይም፤ የሚያውቀው አሁን ያለውን ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ የድሮውን ዋጋ ይዞ ከአዲሱ ጋር ያነጻጽራል፤ ድሮ ዜሮ፣ አሁን አንድ ከሆነ ጥሪ መጣ ይላል። ማሽኑ በሩጫ ላይ እያለ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወርም ይህች ባይት አብራ መሄድ አለባት። ከተረሳች መስመሩ ከፍ እንዳለ የተሻገረ ማሽን ያልመጣ ጥሪ ይሰማል።

8259 ጥሪን የሚያደርሰው ለአንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነው። በ1990ዎቹ ባለ ብዙ ፕሮሰሰር ማሽኖች ሲበራከቱ ኢንቴል ኤፒክ የተባለውን ሥርዓት አመጣ፤ በየፕሮሰሰሩ ውስጥ አንድ ተቀባይ፣ በቦርዱ ላይ ደግሞ 24 መስመር ያለው አከፋፋይ። የኪውኢሙ የኤፒክ ኮድ 2004-2005 የሚል ዓመት ይዟል። በዚያን ጊዜ አንድ መሣሪያ ጥሪ ለማሰማት የፒሲውን ተቆጣጣሪ ፈንክሽን በቀጥታ ይጠራ ስለነበር ለሌላ ቦርድ አይሆንም ነበር። በ2007 የኪውኢሙ ፕሮግራመር ፖል ብሩክ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ወጥ የመስመር ጽንሰ ሐሳብ ለወጠው፤ መሣሪያው መስመሩን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ጫፉ ላይ ማን እንዳለ አያውቅም። ለውጡ የውስጥ ጽዳት ቢመስልም ያው የኔትወርክ ካርድ በፒሲም በአርም ቦርድም እንዲሠራ ያስቻለው እሱ ነው። የአርም ተቆጣጣሪ የሆነውን ጂክ በኪውኢሙ የጻፈውም ይኸው ሰው ነበር።

በዚያው በ2007 የካቲት ኬቪኤም ከሊኑክስ 2.6.20 ጋር ወጣና ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የሊኑክስ ከርነል ክፍል የሆነው ኬቪኤም የእንግዳውን ትእዛዞች ሳይተረጉም በእውነተኛው ፕሮሰሰር ላይ ያስኬዳል። ይሁንና እንግዳው የተቆጣጣሪውን ሬጅስተር በነካ ቁጥር ሩጫው ቆሞ ወደ ከርነል፣ ከከርነል ወደ ኪውኢሙ ተመልሶ እንደገና መግባት ነበረበት። በሴኮንድ በሺህ የሚቆጠር ጥሪ ላለው ማሽን ይህ ምልልስ አይቻልም። መፍትሔውም ተቆጣጣሪዎቹን ወደ ከርነሉ ማዛወር ሆነ። የተዛወሩበት መንገድ የክፍት ምንጭን የዘር ሐረግ ያሳያል፤ በከርነሉ ውስጥ ያለው 8259 ከኪውኢሙ የተቀዳ ስለሆነ የቤላርን ስም ይዟል፣ አከፋፋዩ የማንድሬክሶፍትን 2001 ማኅተም ተሸክሟል፣ በየፕሮሰሰሩ ያለው ተቀባይ ደግሞ ዜን ከተባለው ሌላ የምናባዊ ማሽን ፕሮጀክት የመጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቺፕ ሁለት ቦታ ይኖራል። በአንዱ የተገኘ ስህተት በሌላው ካልታረመ ያው ማሽን በኬቪኤም ሲሠራ አንድ ጠባይ፣ ያለ ኬቪኤም ሲሠራ ሌላ ጠባይ ያሳያል። በኪውኢሙ በኩል መልሱ በ2012 መጣ። የ8259ና የኤፒክ ኮድ ለሁለት ተከፈለ፦ የቺፑን ሁኔታ የሚይዝ የጋራ ክፍልና፣ በላዩ ላይ ሁለት የተለያዩ አሠራሮች። የጋራው ክፍል ማሽን ሲዛወር የሚላከውን መዝገብ ስለሚወስን እንደ ሕግ ነው፤ በውስጡ የአንድ መስክ ስም ወይም ቅደም ተከተል መንካት ከአሮጌ ስሪት የሚመጣን ማሽን ሊገድል ይችላል። አዲስ ነገር መጨመር ካስፈለገ ከዋናው መዝገብ ውጭ በተጓዳኝ ይታከላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ጊዜ ነው። ለአንድ ዓይነት ጥሪ የተመደበው አንድ ቢት ብቻ በመሆኑ ሦስት የሰዓት ምቶች ተከታትለው ቢመጡና እንግዳው ተራ አጥቶ ቢጠብቅ ሦስቱ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። በእውነተኛ ማሽን ይህ ብርቅ ነው። ፕሮሰሰሩን ከሌሎች ጋር በሚጋራ ምናባዊ ማሽን ግን የዘወትር ነገር ስለሆነ ምት እየቆጠሩ ጊዜን የሚለኩ የዊንዶውስ እንግዶች ሰዓታቸው ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ኃላፊዎቹ ያገኙት መላ ቺፑ የማያደርገውን ማድረግ ነው፤ ተቆጣጣሪው ምቱ በእርግጥ መድረሱን ወይም ከሌላ ጋር መዋሃዱን ለሰዓት ቆጣሪው ይነግረዋል፣ ሰዓት ቆጣሪውም የጎደለውን በኋላ ያካክሳል። ለእውነተኛው ሃርድዌር ታማኝ መሆንና ለተጠቃሚው ትክክለኛ ሰዓት መስጠት የተጣሉበት ቦታ ስለሆነ፣ ታማኝነቱ የተሸነፈው በአግባቡ ነው።

ወደ ከርነል የገባውም በዚያው አልቀረም። ማንኛውም እንግዳ ሊነካው የሚችል አሮጌ ኮድ በከርነል ውስጥ መቀመጡ ለደኅንነት ስጋት ነበር። በ2016 መጀመሪያ የወጣው ሊኑክስ 4.4 የተከፈለ አሠራር አመጣ፤ ፍጥነት የሚፈልገው ተቀባይ በከርነሉ ይቀራል፣ 8259ና አከፋፋዩ ወደ ኪውኢሙ ይመለሳሉ። በ2019 ኪውኢሙ 4.0 ይህን ኪው35 በተባለው የፒሲ ማሽን ዓይነት ላይ ነባሪ አደረገው። ውሳኔው በወረቀት ላይ እንከን አልነበረውም። ሆኖም እውነተኛ የግራፊክስ ካርድ ለዊንዶውስ እንግዳ የሚሰጡ ሰዎች ካርዱ መሥራት አቆመባቸው፤ በአሮጌው የመስመር ስልት የሚጠራ ካርድ «አበቃ» በተባለ ቁጥር ከርነሉ መስመሩን እንደገና እንዲያይለት ይፈልጋል፣ በተከፈለው አሠራር ያ አገልግሎት አልነበረም። ውሳኔው ተሻረ። ስሪቱ አስቀድሞ ስለወጣና ማሽኖች በስሙ ስለተፈጠሩ ግን ዝም ብሎ መሻር አልተቻለም፤ 4.0.1 የሚል ሌላ የማሽን ዓይነት መፍጠር አስፈለገ።

በአርም በኩል ያለው መንገድ አጠር ያለ ነው። ሁለተኛው የጂክ ስሪት ከ8 ፕሮሰሰር በላይ አያውቅም፤ ሦስተኛው ይህን ገደብ አነሣ፣ በኪውኢሙም በ2016 ከ2.7 ስሪት ጋር ገባ። በአሮጌው የጂክ ኮድ በ2021 ይፋ የሆነው የደኅንነት ቀዳዳ ግን ለትምህርት ይጠቅማል። አንዱ ፕሮሰሰር ሌላውን የሚጠራበት ቁጥር ከ0 እስከ 15 ብቻ ስለሆነ አራት ቢት ይበቃዋል። ኮዱ አሥር ቢት ይቀበል ነበር። ተንኮለኛ እንግዳ ትልቅ ቁጥር ቢጽፍ ኪውኢሙ ከተመደበለት ሜሞሪ ውጭ ይነካል። እርማቱ ጭንብሉን ወደ አራት ቢት ማጥበብ ብቻ ነበር፤ እውነተኛው ቺፕ ከአራቱ በላይ ያሉትን ቢቶች ከመነሻውም አያያቸውም።

እንዲህ ያለውን እርማት የሚያስተናግድ የተለመደ ሥርዓት አለ። በኮዱ ማከማቻ አንድ የጽሑፍ ፋይል እያንዳንዱ ክፍል የማን ኃላፊነት እንደሆነና በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይናገራል፤ ደሞዝ የሚከፈልበት፣ በፈቃደኛ የሚጠበቅ፣ አልፎ አልፎ የሚታረም፣ ወይም ባለቤት ያጣ። ለውጥ ያቀረበ ሰው በስሙ ይፈርማል፣ ኃላፊው ይመረምራል፣ ለኤፒክና ለጂክ የተዘጋጁ ትንንሽ የመፈተሻ ፕሮግራሞች ይሮጣሉ። በብዛት የሚመጣው ሥራ ታላቅ ፈጠራ አይደለም። 8259 መስመሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ «ከፍ ብሎ መቆየት» ስልት የሚያዞር ቢት ከመጀመሪያው ነበረው፤ በኋላ ለየመስመሩ የሚወስን ሌላ ሬጅስተር ስለመጣ ኪውኢሙ ያንን ቢት «አልተሠራም» ብሎ በመዝገብ እየጻፈ ለሃያ ዓመት ያህል አለፈው። በ2023 ሞርፎስ የተባለ ሲስተም በፔጋሶስ 2 ቦርድ ላይ ያንኑ ቢት እንደሚጠቀም ታወቀና ተሠራ። ከ255 በላይ ፕሮሰሰር የሚያስተናግደው የኤፒክ ስልትም ያለ ኬቪኤም ለሚሠራው ኪውኢሙ የደረሰው በ2024 ነው፤ ሃርድዌሩ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት።

ዛሬ አዳዲሶቹ የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ለምናባዊ ማሽን የሚሆን የተቀባይ ሥራ በራሳቸው ሲሊከን ይሠራሉ፤ ከከርነሉ ኮድ ላይ አንድ ሸክም ወርዷል። በ2019 መጨረሻ ኪውኢሙ ማይክሮቪኤም የተባለ ቀለል ያለ ማሽን አስተዋወቀ፤ በእሱ ላይ 8259ን በምርጫ መተው ይቻላል። በተለመዱት የፒሲ ማሽኖች ግን ባዮሱ ሲነሣ ሁለቱን 8259ዎች አሁንም ያስጀምራቸዋል፤ ሊኑክስም ተነሥቶ ኤፒክን እስኪያዘጋጅ ድረስ የመጀመሪያዎቹ የሰዓት ምቶች በእነሱ በኩል ያልፋሉ።