በክረምት ጉዞ ከተሽከርካሪ ሊለዩ የማይገባቸው የአደጋ ጊዜ ቁሳቁሶች

ክረምት ሲገባ የተራራማ መንገዶች ጠባይ ይለወጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው የዓባይ ሸለቆ ናዳ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ በጣርማ በርና በሊማሊሞም ጭጋጉ የፊቱን መንገድ ይጋርዳል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ተሽከርካሪ ቢበላሽ ወይም አደጋ ቢደርስ እርዳታ በቶሎ ላይደርስ፣ የስልክ ኔትወርክም ላይኖር ይችላል። እስከዚያው ሕይወት የሚታደገው በእጅ ያለ ቁሳቁስና አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰው ነው።

ለመታየት

አንጸባራቂ ትሪያንግል፣ አንጸባራቂ ሰደርያና የእጅ ባትሪ ቀዳሚዎቹ ናቸው። ትሪያንግሉ ከተሽከርካሪው ኋላ ቢያንስ 50 ሜትር ርቆ ይቀመጥ፤ ይህም 70 ያህል እርምጃ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ከሆነ ከመታጠፊያው አስቀድሞ መቀመጥ አለበት። ተሳፋሪዎች ከአስፋልቱ ወጥተው ይቁሙ። በትሪያንግል ምትክ ድንጋይ መደርደር የተለመደ ቢሆንም ድንጋይ በሌሊት በግልጽ አይታይም፤ ሳይነሣ ከቀረ ደግሞ ለቀጣዩ አሽከርካሪ አደጋ ይሆናል።

ለጎማና ለሞተር

ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻና ታኮ አብረው መኖር አለባቸው። የትርፍ ጎማው አየር በየወሩ ይለካ። ክሪኩ የተሽከርካሪውን ክብደት ከነጭነቱ የሚችል ይሁን፤ የቤት መኪና ክሪክ እህል የጫነ አይሱዙ አያነሣም። በጭቃ ላይ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ይደረግ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ ተሽከርካሪ ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም።

ከእነዚህ ጋር ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መለዋወጫ ፊውዝ፣ ናስትሮ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ ከሌላ መኪና ባትሪ ኃይል መውሰጃ ገመድ እንዲሁም አካፋ ይያዙ። ለራዲያተር የሚሆን ውኃም ያስፈልጋል፤ ሞተሩ እንደጋለ ግን ክዳኑን መክፈት በሚፈላ ውኃ ያቃጥላል። ቤንዚን በፕላስቲክ ጀሪካን ከሰው ጋር ማጓጓዝ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

ለእሳት

የእሳት ማጥፊያው ከአሽከርካሪው እጅ የማይርቅ፣ የግፊት መለኪያው ቀስት አረንጓዴው ላይ ያለ ሊሆን ይገባል። ትንሹ ማጥፊያ በሴኮንዶች ውስጥ ስለሚያልቅ የሚረጨው ወደ ነበልባሉ ጫፍ ሳይሆን ወደ እሳቱ ሥር ነው። እሳቱ ከበረታ ሰውን አውጥቶ መራቅ ይቅደም።

ለቆሰለ ሰው

የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ የእጅ ጓንት፣ ንጹሕ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቀስና የቁስል ማጽጃ ይያዝ። ደም በብዛት ሲፈስ በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን አጥብቆ መጫንና ሳይለቁ መያዝ ያስፈልጋል። እሳት ወይም ሌላ አጣዳፊ ስጋት ከሌለ በስተቀር በአንገቱ ወይም በጀርባው ላይ ጉዳት የተጠረጠረን ሰው ማንቀሳቀስ ጉዳቱን ያባብሳል። ይህ ምክር በመንገድ ዳር ለሚኖሩና ከሁሉ ቀድመው ለሚደርሱ አርሶ አደሮችም ያገለግላል።

ለቆይታ

መንገድ ተዘግቶ ማደር ሊመጣ ስለሚችል ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር የመጠጥ ውኃ፣ ቆሎ ወይም በሶ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ የዝናብ ልብስና የስልክ ቻርጀር ይያዙ። በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ተሳፋሪ መድኃኒቱን ከራሱ አይለይ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና የፖሊስ 991 ቁጥሮች በወረቀት ተጽፈው ይቀመጡ። ሲደውሉ በየትኞቹ ከተሞች መካከል እንዳሉ፣ የቀበሌውን ስም፣ የተጎጂዎችን ብዛትና የጉዳታቸውን ዓይነት ይናገሩ፤ የቀበሌውን ስም የአካባቢው ነዋሪ ያውቀዋል።

ቁሳቁሱ ሁሉ ከጭነት ሥር ሳይቀበር በቀላሉ በሚደረስበት ስፍራ ይቀመጥ። ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት፣ ከወጣም በኋላ በመስከረም መፈተሽ፣ ያለቀውን መተካትና ጊዜው ያለፈበትን መለወጥ ይገባል። አሽከርካሪው ራሱ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሳጥኑና የእሳት ማጥፊያው የት እንዳሉ ከጉዞ በፊት ለረዳቱና ለተሳፋሪዎች ይነገር።