ሐምሌ ላይ የዋለው ሰኞ

ቅረቡ፣ ጆሮ ስጡኝ። የዛሬው ወሬ የብድር ወሬ ነው። የምጀምረው ግን ከአዊዋ ዳንግላ፣ ከማዳበሪያ መጋዘን ደጃፍ ነው።

ሐምሌ ነው። የእንጅባራ ደጋ ጉም ለብሷል። አንድ ገበሬ ገሳውን ደርቦ በላስቲክ የጠቀለለውን ብር ከጉያው አወጣ። ድንች የሸጠበት ነው። ቆጠረ፤ ጣቱን በምራቁ አርሶ ደግሞ ቆጠረ። አጠገቡ ያለውን ሽማግሌ «አያ፣ ዶላር ጨመረ ይላሉ፤ ለከርሞ ዩሪያው ስንት ይገባ ይሆን?» አለው። ሽማግሌው ዝም አለ። ምን ይበል? መልሱ ያለው ሌላ ሰው ዘንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2007 ዓ.ም. አገራችን ዩሮቦንድ በሚባለው ሰነድ ከውጭ ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች፤ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ፣ ዕድሜው 10 ዓመት። በጥር 2013 ዓ.ም. መንግሥት በቡድን 20 ማዕቀፍ ዕዳዬ ይሸጋሸግልኝ አለ። ከዚያ ወዲያ ስብሰባ ስብሰባን ወለደ። የባንክና የጥቁር ገበያ የዶላር ዋጋ እየተራራቀ ሄደ፤ የብሩ ጉዳይ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ከረመ። የዘገየ ውሳኔ ወለድ አለው፤ ከፋዩም ወሳኙ አይደለም።

ታህሳስ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. 33 ሚሊዮን ዶላር የወለድ ክፍያ ደረሰ። አልተከፈለም። የ14 ቀኑም እፎይታ አለፈ። የገንዘብ ሚኒስቴር ምክንያቱ አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማስተናገድ ነው አለ። ይሁን፣ ምክንያት ነው። ያኔ የእኛ የአማራ ክልል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር፤ ማን ተሰብስቦ ይጠይቅ?

በእኛ ዕድር ገንዘብ ያዡ ብር ሲጎድልበት ተነሥቶ ይቆማል። ባርኔጣውን አውልቆ፣ መዝገቡን ገልጦ፣ «ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ጎደለ» ይላል። ይወቀሳል፤ ግን ይናገራል።

ለክፉ ቀን «ሰኔና ሰኞ ሲገጥም» ይባላል። የ2016ቱ ሰኞ ሐምሌ 22 ዋለ። ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ፤ በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ዓመቱ ሳይዞር ከ120 አለፈ። ዩሪያው ደግሞ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው።

አሁን ይህችን ልብ በሉልኝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 የገንዘብ ፖሊሲን የሚያጸድቀው የተወካዮች ምክር ቤት ነው ይላል፤ አንቀጽ 58 ደግሞ መደበኛው የሥራ ዘመን ሰኔ 30 ያበቃል ይላል። ሦስት ዓመት ተኩል የተንከባለለው ውሳኔ የመጣው መጠየቂያው ወንበር ባዶ በሆነበት ወር ነው። መወሰኑን አልቃወምም፤ ብሩ እንደዚያ ሊቀጥል አይችልም ነበር። የሚያንገበግበኝ ቀድሞ ቀርቦ ያስረዳን ሰው ማጣታችን ነው።

የአዊ ተመራጮች ሆይ፣ በገበያ ቀን ወደ ዳንግላ ኑ። መዝገቡን ይዛችሁ ኑ። ያ ገበሬ ጥያቄውን እንደያዘ ነው።