ሮክን የቀረጸው ሸክላ

የሮክ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በጊታር ተጫዋቾችና በድምፃውያን ስም ይተረካል። እኔ ከሸክላው መጀመር እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1948 ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአንድ ገጹ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚይዝ ትልቅ ሸክላ ለገበያ አቀረበ። በዓመቱ ተፎካካሪው አርሲኤ ቪክተር በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ሸክላ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ለሠላሳ ዓመታት ሮክ የተሰፋው በእነዚህ ሁለት ልኮች ነው።

በ1950ዎቹ ገዢው ትንሹ ነበር። ለሬዲዮና ሳንቲም እየተከተተበት ለሚዘፍነው የቡና ቤት ማጫወቻ የሚስማማው አጭር ዘፈን ነው። ቸክ ቤሪ በ1958 ያወጣው «ጆኒ ቢ ጉድ» እንደ ጉባኤ ቃና አጭር ነው፤ የጎደለው ግን የለም። ጊታሩ ገና ሲከፍት አድማጩን ይይዛል፤ የአንድ ድሃ ልጅ ተስፋ ተነግሮ ሲያልቅ ሦስት ደቂቃ አልሞላም።

ይህን አጥር ከጣሱት አንዱ ቦብ ዲላን ነው። የ1965ቱ «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን» ስድስት ደቂቃ ያልፋል፤ ያም ሆኖ በአሜሪካ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። በቀጣዩ ዓመት የቢች ቦይሱ ብራያን ዊልሰን «ፔት ሳውንድስ» የተባለውን አልበም ሠራ፤ ቢትልስም ከአገር አገር እየዞሩ መዝፈኑን ትተው ስቱዲዮ ገቡ። የ1967ቱ አልበማቸው «ሳርጀንት ፔፐር» የተቀዳው ባለ አራት ትራክ መሣሪያዎች ላይ ነበር። አራቱ ሲሞሉ ተቀላቅለው ወደ ሌላ ቴፕ ይገለበጣሉ፤ ለአዲስ ድምፅ ቦታ ይገኛል። አንዴ የተቀላቀለው ግን መልሶ አይለያይም። ስለዚህ ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ማርቲንና ባንዱ በየደረጃው ቁርጡን መወሰን ነበረባቸው፤ አልበሙ ዛሬም ሲደመጥ ያ ቁርጠኝነት ይሰማል።

ሌድ ዘፕሊን ደግሞ ቤቱን ራሱን የሙዚቃ መሣሪያ አደረጉት። ለ1971ዱ አራተኛ አልበማቸው ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ አሮጌ የእንግሊዝ ገጠር ቤት የጆን ቦናምን ድራም ደረጃው ሥር አስቀምጠው ማይክሮፎኖቹን ከላይ ሰቀሉ። «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ላይ የምንሰማው ግዙፍ ምት ከዚያ አዳራሽ የመጣ ነው። ዘፈኑ ግን ጥቁር አሜሪካውያኑ ካንሳስ ጆ ማኮይና ሜምፊስ ሚኒ ስለ 1927ቱ የሚሲሲፒ ጎርፍ በ1929 የቀዱት ብሉዝ ነበር። ሮክን እወዳለሁ የሚል ሰው ይህን ዕዳም ማወቅ አለበት።

በትልቁ ሸክላ ከሁሉ ይበልጥ የተራቀቁበት ፒንክ ፍሎይድ ይመስሉኛል። የ1973ቱ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ዘፈኖች ተያይዘው ይፈስሳሉ፤ ትልቁ ዕረፍት ሸክላው ሲገለበጥ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ሞት በሚያስበው ክፍል፣ በክሌር ቶሪ ቃል አልባ ዜማ ይዘጋል፤ ሁለተኛው በሳንቲም ኳኳታ ይከፈታል። ከሞት ቀጥሎ ገንዘብ መምጣቱ ራሱ አንድ ሐሳብ ነው። አልበሙ ከ1973 እስከ 1988 ባሉት ዓመታት 741 ሳምንት በአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ ውሏል።

በ1976 የራሞንስ ባንድ አባላት በአንድ አልበም 14 ዘፈኖችን ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨርሰው ሮክን ወደ ቸክ ቤሪ ልክ መለሱት። በ1982 ከ70 ደቂቃ በላይ የሚይዘው ሲዲ ገበያ ገባ። መገልበጥ ቀረ፤ መምረጥም ላላ፤ ድሮ ተጣርቶ ይቀር የነበረው ሁሉ አብሮ መታተም ጀመረ። ሸክላው ግን አልሞተም፤ በ2022 አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው ሸክላ ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት ከሲዲ በለጠ።

«ከየት ልጀምር?» ለሚለኝ አዲስ አድማጭ ረጅም ዝርዝር አልሰጠውም። ከእነዚህ አልበሞች አንዱን መርጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይዘል ይስማ፤ የዘፈኖቹን ተራ ያወጡት ሰዎች እንደ ደራሲ አስበውበታልና።