ከበሬ ልብ የተቀዳ ምስክር

ምርመራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ነገር ሲገኝ ነው፤ ቀለሙ ሲለወጥ፣ ተሕዋሲው በአጉሊ መነጽር ሥር ሲታይ። እ.ኤ.አ. በ1906 በጀርመን አገር ይፋ የሆነውና ለብዙ አሥርት ዓመታት የሰውን ትዳርና ክብር ሲወስን የኖረው የዋሰርማን የቂጥኝ ምርመራ ግን በተቃራኒው ነበር የሚናገረው። መሆን የነበረበት ነገር በብርጭቆው ቱቦ ውስጥ ሳይሆን ሲቀር፣ ያን ጊዜ “በሽታው አለብህ” ይላል። (ከዚህ በታች ያለው የዘመን ቁጥር ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከቤልጅየማዊው ዡል ቦርዴ ነው። ቦርዴ በፓሪስ የፓስተር ተቋም ሲሠራ፣ በ1890ዎቹ፣ ደም ጠላቱን የሚያጠፋው በሁለት ኃይሎች ትብብር መሆኑን አስተዋለ። አንደኛው ዛሬ አንቲቦዲ የምንለው ነው፤ ሙቀት አይበግረውም፣ የሚያውቀውም አንድን ጠላት ብቻ ነው። ሁለተኛው በጤነኛ ሰውና እንስሳ ደም ሁሉ ይገኛል፤ በ56 ዲግሪ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ኃይሉ ይጠፋል። ይህ ሁለተኛው ወዳጅና ጠላት ለይቶ አያውቅም፤ አንቲቦዲው በጠቆመው ላይ ወድቆ ማፍረስ ብቻ ነው ሥራው። ቦርዴ “አሌክሲን” ብሎ ጠራው፤ ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ “ኮምፕሊመንት” አለው፤ የጸናው የኤርሊኽ ስም ነው። በ1901 ቦርዴ ከአገሩ ልጅ ከኦክታቭ ዣንጉ ጋር ሆኖ አንድ እርምጃ ጨመረ። አንቲቦዲና ጠላቱ በተያያዙ ጊዜ ኮምፕሊመንቱ በመካከላቸው ተይዞ ይቀራል፤ ለሌላ ሥራ አይተርፍም።

ምርመራው የቆመው በዚህች “አይተርፍም” ላይ ነው። የታማሚው የደም ውሃ ይሞቅና የራሱ ኮምፕሊመንት ይመክናል። የበሽታው ምልክት ይሆናል የተባለው ንጥረ ነገር ይጨመርበታል፤ ቀጥሎ ጊኒ ፒግ ከምትባለው ትንሽ እንስሳ ደም የተወሰደ ኮምፕሊመንት በልክ ይገባል። ጥቂት ይቆያል። በመጨረሻ የበግ ቀይ የደም ሕዋሳት ይገባሉ፤ እነዚህ ሕዋሳት አስቀድሞ በአንቲቦዲ የተጠቆሙ፣ ኮምፕሊመንት ካገኙ ወዲያው የሚፈርሱ ናቸው። ከፈረሱ ፈሳሹ ጥርት ያለ ቀይ ይሆናል፤ ሰውየው ነጻ ነው። ካልፈረሱ ግን ቀዩ ከቱቦው ሥር ይረጋል፣ ከላይ ያለው ውሃም ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ኮምፕሊመንቱን ቀደም ሲል ሌላ ነገር ወስዶታል ማለት ነው።

እኔ ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ስቆጥር የምውል የባንክ ጸሐፊ ነኝና ይህ ስሌት አይከብደኝም። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ መቶ ብር ቢጎድል፣ የወሰደውን እጅ ማንም አላየውም፤ እጅ መኖሩን ግን ጉድለቱ ይናገራል። የማን እጅ እንደሆነ አይናገርም። የዋሰርማን ምርመራ ታሪክ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ ጉዳይ ላይ ነው።

የቂጥኝን ተሕዋሲ ሻውዲንና ሆፍማን በ1905 አይተውታል፤ በቤተ ሙከራ ማራባት ግን አልተቻለም። ስለዚህ በዓመቱ አውጉስት ፎን ዋሰርማን፣ አልበርት ናይሰርና ካርል ብሩክ የተጠቀሙት በቂጥኝ ተይዞ የሞተ ጽንስ ጉበት ጭማቂ ነበር። ጉበቱ በተሕዋሲው የተሞላ ነው፤ የታማሚው አንቲቦዲ የሚይዘውም ያንኑ ተሕዋሲ ነው፤ እንዲህ ነበር እምነታቸው። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ተገለበጠ። ከጤነኛ አካል የተጨመቀውም፣ ቂጥኝ የሚባል ነገር ያልደረሰበት የእንስሳ ልብ እንኳ፣ በአልኮል ቢዘፈዘፍ ያንኑ ውጤት ይሰጣል! የታመነበት ምክንያት ስሕተት ሆኖ ሳለ ምርመራው ሠራ። ፖላንዳዊው ሐኪም ሉድቪክ ፍሌክ በ1935 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ታሪክ አንሥቶ፣ የሳይንስ እውነት በአንድ ሰው አእምሮ የሚበራ መብራት ሳይሆን ብዙ እጆች ቀስ በቀስ የሚሠሩት ነገር ነው ሲል ተከራክሯል። ብዙ ሰው ግን መጽሐፉን ሳያነበው ዓመታት አለፉ።

በ1941 አሜሪካዊቷ ሜሪ ፓንግቦርን ከበሬ ልብ ውስጥ ያንን ንጥረ ነገር ለይታ አወጣች፤ ካርዲዮሊፒን የሚባል የቅባት ዓይነት ነው። ቂጥኝ የያዘው ሰው ደም በዚህ ቅባት ላይ አንቲቦዲ ያወጣል። ወባ የያዘውም አንዳንድ ጊዜ ያወጣል፤ የሥጋ ደዌ ያለበትም እንዲሁ፤ ሉፐስ የሚባለው፣ አካል በራሱ ላይ የሚነሣበት በሽታ ያለባትም ሴት እንዲሁ።

እስኪ በ1930ዎቹ የኖረችን አንዲት ሴት በሐሳባችን እናስባት። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጽንስ ይጨነግፍባታል። ቂጥኝ ጽንስ ይገድላል፤ ሐኪሙም ይህን ያውቃል። ደሟን ይመረምራል፤ ቀዩ ከቱቦው ሥር ይረጋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አርሴኒክና ቢስመዝ ያለበት መርፌ ለወራት ይወጋታል። ባሏ ከማን እንዳመጣችው ይጠይቃታል፤ የምትመልሰው የላትም። በዚያው ዘመን፣ በ1935፣ በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት ሊጋቡ የሚሹ ሁለቱም ወገኖች የደም ምርመራ ያቅርቡ የሚል ሕግ አወጣች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏት። ሕጉ ብዙ ሕፃናትን ከበሽታው ሳያድን አልቀረም፤ ያንን አልክድም። ነገር ግን ቱቦው የሚያሳየው ጉድለቱን ብቻ እንደሆነ ለእጮኞቹ የነገራቸው ሰው ስንት ይሆን?

በ1949 ኔልሰንና ማየር ሕያው ተሕዋሲውን ራሱን በመጠቀም፣ የትኛው ደም እውነተኛ የቂጥኝ አንቲቦዲ እንዳለው የሚለይ ሌላ ምርመራ አገኙ። ያን ጊዜ በሐሰት የተከሰሱት ታወቁ። በባልቲሞር ጆሴፍ ሙርና ባልደረቦቹ እነዚህን ሰዎች በ1950ዎቹ ሲከታተሉ ከመካከላቸው፣ በተለይም ከሴቶቹ፣ ሉፐስ የሚወጣባቸው እንዳሉ አዩ። ምርመራው ዋሽቶ አልነበረም፤ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ እየመለሰ ነበር። በ1983 ለንደን ውስጥ የግሬም ሂዩዝ ቡድን የካርዲዮሊፒን አንቲቦዲን በቀጥታ የሚለካ ዘዴ አወጣ፤ ደም የሚያረጋና ጽንስ የሚያጨነግፍ አንድ የራሱ በሽታ እንዳለም ተረጋገጠ።

የቦርዴና የዣንጉ ስልት ዛሬ ለሰው በሽታ እምብዛም አይሠራበትም፤ በከብት ሳምባ በሽታና በፈረስና በአህያ በሽታዎች ምርመራ ግን አሁንም አለ። የበሬ ልብ ቅባትም ሥራውን አልተወም፤ ቂጥኝ በሚመረመርበት ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ያ ሌላው በሽታ በሚፈለግበት ጠረጴዛም ላይ አለ። ያቺ ሴት ዛሬ ብትመጣ ደሟ በሁለቱም ላይ ይፈተሻል፤ አስፒሪንና ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ ይታዘዝላታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልጇን ታቅፋ ከሆስፒታል ትወጣለች።